ካታሎግ ውስጥ የለም ማለት በዓለም ላይ የለም ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ጥንታዊ የሮም የብር ሳንቲሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ መጀመሪያ በጣም ደስ ብሎኝ፣ ሁለተኛ ግን እየከፋኝ። ደስ ያለኝ በአማርኛ ስለዚ ነገር የሚጽፍ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ ነው። የከፋኝ ደሞ ጸሐፊው ስለ አንድ ዲናሪየስ የተባለ የብር ሳንቲም "በካታሎግ ያልተመዘገበ" የሚለውን (ካታሎግ ማለት የታወቁ የሳንቲም ዓይነቶች በቁጥር የተመዘገቡበት መጽሐፍ ነው) ይዞ "በዓለም ላይ አንድ ብቻ" ወደሚል ስለቀየረውና የቀረውን አምድ በሙሉ ጨረታ ላይ ስንት ያወጣል በሚል ስለጨረሰው ነው። ሳንቲሙ ስንት ግራም እንደሚመዝን የለም፣ ከየት አፈር እንደወጣ የለም፣ ብቻውን ነው የተገኘው ወይስ ከሌሎች ጋር የሚለው የለም፣ የጀርባው ፎቶ እንኳን የለም። እኔ በነዚ ሳንቲሞች ላይ ዓይኔን ሳፈዝ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዚ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እስቲ ከሳንቲሙ ልጀምር። ዲናሪየስ ማለት ሌላ ሳይሆን በወንጌል ዲናር እየተባለ የምናውቀው ነው፣ ለቄሳር ግብር መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የቀረበው። አብዛኞቹ አጥኚዎች ያ ሳንቲም የጢባርዮስ ቄሳር ዲናር ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፣ በፊቱ የሱ ራስ አለ፣ በጀርባው ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፣ ብዙዎች እናቱ ሊቪያ ናት ይሏታል። ይሄ ሳንቲም በዛሬዋ የፈረንሳይ ሊዮን ለብዙ ዓመት ያለ ትልቅ ለውጥ ሲመታ ስለኖረ ላይ ላዩን ያየው ሰው ሁሉም አንድ ነው ይላል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የወንበሯ እግር አንዳንዱ ላይ ሜዳ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ የተጠረበ የተጌጠ ነው፣ ከወንበሩ ስር ያለውም መስመር አንድ አይደለም። ካታሎጉ ይሄን ለይቶ የተለያየ ቁጥር ይሰጠዋል። እንግዲ "አዲስ ዓይነት ተገኘ" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እንደዚ ያለ ነገር ነው፣ ማንም የማያውቀው ንጉሥ ብቅ አለ ማለት ሳይሆን የወንበር እግር፣ ወይ የአንድ ፊደል ቦታ፣ ወይ ካባ የለበሰ ትከሻ እና ያልለበሰ ትከሻ ነው። ይሄን ስል ነገሩን ለማሳነስ አይደለም፣ እኔን ያሳበደኝ እሱ ራሱ ነው።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል ካላችሁ ከአሠራሩ ነው። ዛሬ ሳንቲም በማሽን ስለሚወጣ ሚሊዮኑም አንድ ነው፣ ያኔ ግን እያንዳንዱን ማተሚያ ብረት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ነበር የሚቀርጸው፣ ያውም በግልባጭ፣ ምክንያቱም ፊደሉ ሲታተም ነው የሚቃናው። የንጉሡ ራስ ያለበት ብረት ታች ይተከላል፣ የጀርባው ብረት ደሞ ከላይ በእጅ ይያዝና ጠፍጣፋው ብር መሀል ገብቶ በመዶሻ ይመታል። ቀጥታ የሚመታው የላይኛው ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚ የጀርባ ብረት ከፊቱ ብረት በብዛት ይቀረጻል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ90 ዓመት ፒሶ ፍሩጊ የሚባል የሳንቲም ሹም ያስመታው ዲናር በመቶዎች በሚቆጠሩ ማተሚያዎች ነው የወጣው፣ እያንዳንዱ ላይ መለያ ፊደል ወይ ቁጥር ወይ ትንሽ ምልክት አለው፣ ሮም የጣልያን አጋሮቿ አምፀውባት ጦርነት ላይ ስለነበረች ለወታደር የሚከፈል ገንዘብ በገፍ ያስፈልግ ነበር። ከሱ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የመጣው የሌላው የሳንቲም ሹም የክሬፑሲየስ ዲናር ደሞ ጀርባው ላይ ተራ ቁጥር አለው፣ ከ500 በላይ ይደርሳል። እና በነዚ ሁለቱ ላይ እስከ ዛሬ ያልታየ የምልክት ጥምረት ብቅ ቢል የሚገርም ነገር አይደለም፣ ስንት ሰው ነው በየጓዳው የያዘውን ሳንቲም በአጉሊ መነጽር የሚያይ?

አሁን ወደ ካታሎጉ ልምጣ፣ ጽሑፋችሁ የሳተው ትልቁ ነገር እዚ ጋ ነውና። ለሪፐብሊኩ ዘመን፣ ማለትም ሮም ንጉሠ ነገሥት ሳይኖራት በፊት ለነበረው፣ ሁሉም የሚጠቀመው ማይክል ክሮፎርድ የሚባል አጥኚ በ1974 ያወጣውን ካታሎግ ነው። ለንጉሠ ነገሥቶቹ ዘመን ደሞ አሥር ጥራዝ ያለው ትልቁ የእንግሊዞቹ ካታሎግ አለ፣ የመጀመሪያው ጥራዝ በ1923 ነው የታተመው አሥረኛው በ1994፣ ማለትም ለመጨረስ 71 ዓመት ነው የፈጀው! ያዘጋጁት ሰዎች ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ያለውን አይተው፣ ከነሱ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውንም ገልብጠው ነው የሠሩት፣ ያኔ እንደዛሬ በቀን ሺ ፎቶ ማየት የሚባል ነገር የለም። የንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያንና የልጆቹ ክፍል በ2007 እንደገና ተሠርቶ ወጣ፣ የሐድሪያን በ2019 ወጣ፣ በጣም ጥሩ ሥራዎች ናቸው። የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ግን እስካሁን በዋናነት የምንጠቀመው የ1936ቱን ነው። ከ1936 ወዲህ ስንት ሳንቲም ከመሬት እንደወጣ አስቡት። እንደዚ ከሆነ "ካታሎጉ ውስጥ የለም" የሚለው አባባል ስለ ሳንቲሙ ብቻ ሳይሆን ስለ መጽሐፉ ዕድሜም ነው የሚናገረው።

በተለይ የሴቬረስን ምሥራቃዊ ሳንቲሞች ያየ ሰው ይሄ በደንብ ይገባዋል። 193 ንጉሠ ነገሥቱ ተገድሎ ዙፋኑ ለጨረታ የቀረበበት ዓመት ነው፣ ሴቬረስ ጦሩን ይዞ ከዳኑብ ወንዝ ተነስቶ ሮምን ያዘ፣ ፔሴኒየስ ኒጀር ደሞ በሶርያ ሆኖ እኔ ነኝ ንጉሥ አለ። ኒጀር አንጾኪያ ላይ በችኮላ የራሱን ዲናር አስመታ፣ ዓመት ከመንፈቅ እንኳን ሳይሞላው በ194 ተሸንፎ ተገደለ፣ ከዛ ሴቬረስም በዛው በምሥራቁ በኩል በራሱ ስም ማስመታት ቀጠለ። እነዚ ሳንቲሞች ላይ የሌለ ስህተት የለም። ፊደል ተዘሎ ይገኛል፣ አንዱ ጀርባ የሌላው ጀርባ ጽሑፍ ይዞ ይገኛል፣ የሴቬረስ ሚስት የዩልያ ዶምና ሳንቲም ለሱ የተቀረጸ ጀርባ ይዞ ይገኛል። ቀራጮቹ በግሪክ ፊደል ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ስለሚመስሉ ላቲኑ ብዙ የተመቻቸው አይመስለኝም። በዚ መስክ ያልተመዘገበ ዓይነት ማግኘት ብርቅ አይደለም፣ ታግሶ የሚያይ ሰው ያገኛል። እኔን የሚገርመኝ ከዛ በኋላ የሚመጣው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በፊቱ አንድ ንጉሥ በጀርባው ደሞ የሌላ ንጉሥ ዘመን ምስል ያለበት ዲናር ገዛሁ፣ ካታሎጉን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ የለም፣ የሸጠልኝም ሰው "ያልታወቀ ዓይነት ነው" ብሎ አጋኖልኛል፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። በነጋታው መዘንኩት፣ 2.4 ግራም። የዛን ዘመን ጤነኛ ዲናር ከ3 ግራም በላይ ነው መሆን ያለበት። ጠርዙን በመነጽር ሳየው ብሩ ተልጦ ስሩ ቀይ መዳብ፣ መዳቡም አረንጓዴ እያወጣ። በብር የተለበጠ መዳብ ነበር፣ የጥንት አጭበርባሪ ሥራ። እንደዚ ዓይነቱ የተለበጠ ሳንቲም ብዙ ጊዜ ፊቱና ጀርባው አይገጥምም፣ ምክንያቱም አስመሳዩ እጁ ላይ የገባለትን ሳንቲም ሁሉ እየገለበጠ ነው የሚቀርጸው። ስለዚ በድሮ መጽሐፍ ላይ እንደ እንግዳ ዓይነት ከተመዘገቡት "ድቅል" ሳንቲሞች ጥቂት የማይባሉት እንደኔው ዓይነት መዳብ ናቸው። ሚዛን ሳይወጣ "ተገኘ" ማለት የማይሆነው ለዚ ነው።

ሁለተኛው ደሞ የተሻለ ነው። ከነዚሁ ከሶርያዎቹ የሴቬረስ ዲናሮች አንዱን ስመለከት የጀርባው ጽሑፍ ላይ አንድ ቃል ተቆርጦ አየሁ፣ 3.1 ግራም፣ ብሩ ትክክል፣ ካታሎጉ ውስጥ የለም። ከመጀመሪያው ስለተማርኩ ለማንም ሳላወራ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አነሳሁ፣ መዘንኩ፣ ጫፍና ጫፉን ለካሁ፣ ፊቱ ቀጥ ሲል ጀርባው ወዴት እንደሚዞርም ጻፍኩና እነዚህን ሳንቲሞች ለሚያጠኑ ሰዎች ላኩት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፣ ሌሎች ሁለት ከዚሁ ማተሚያ ብረት የወጡ አሉ፣ አንዱም ዓመቱ ከታወቀ የፊት ብረት ጋር ነው የተመታው አሉኝ። ገባችሁ አይደል? የኔው ብቸኛ አልሆነም፣ ግን ሦስቱ ሲገናኙ ያ የተሳሳተ ጀርባ በየትኛው ዓመት እንደተቀረጸ ታወቀ። አንድ ፊት ብረት ከሁለት ጀርባ፣ አንዱ ጀርባ ደሞ ከሌላ ፊት ጋር እየተያያዘ ሲሄድ እንደ ሰንሰለት ነው፣ ተከታትሎ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተመታ ይታወቃል። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ብቻ ነው ቢሉኝ እንደዛ አልደሰትም ነበር። ብቻውን የቆመ ሳንቲም ብዙ አይናገርም።

አስመሳይ ስል የጥንቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሮም ጦር መሪ የነበረው የማርክ አንቶኒ የሌጌዎን ዲናሮች የሚባሉት አሉ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ32 እስከ 31 ባለው ጊዜ ከተቀናቃኙ ከኦክታቪያን ጋር ለነበረው ጦርነት የተመቱ፣ በፊታቸው መርከብ በጀርባቸው የጦር አርማና የሌጌዎኑ ቁጥር ያለባቸው። በእርግጠኝነት የሚታወቁት ከ2ኛ እስከ 23ኛ ሌጌዎን ያሉት ናቸው። በድሮ ጽሑፎች ግን እስከ 30 የሚደርስ ቁጥር ትሰማላችሁ፣ ሲጣራ የሆነ ሰው ሹል ነገር ይዞ ካለው ቁጥር ጎን መስመር እየጨመረ የሠራው ነው፣ ወይ ደሞ ያለቀ ሳንቲም ላይ በስህተት የተነበበ። ሳንቲሙ ላይ መቧጠጥ ካለ በአጉሊ መነጽር ይታያል፣ ፊደሉ ዙሪያ ያለው ሜዳ ዝቅ ብሎ ይገኛል። አቅልጠው ቅርጽ ውስጥ አፍስሰው የሚሠሯቸው የሐሰት ሳንቲሞች ደሞ ሌላ ናቸው፣ እነሱን የሚያጋልጣቸው መንትያቸው ነው። ከአንድ ማተሚያ የወጡ ሁለት ሳንቲሞች ምስላቸው አንድ መሆኑ ያለ ነው፣ ግን ጭረታቸውም አንድ፣ የጠርዛቸው ስንጥቅም አንድ፣ ያለቁበትም ቦታ አንድ ከሆነ ሁለቱም ከአንድ እናት የተገለበጡ ናቸው ወይ አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ፎቶ አደባባይ መውጣት አለበት የምለው አንድም ለዚ ነው፣ የተደበቀ ሳንቲም መንትያው አይታወቅም።

ሌላ ታሪክ ልጨምር፣ ከሁሉ የምወደው። በ1900 ፈረንሳይ ውስጥ ከተገኘ ክምችት ዶሚቲያነስ የሚል ስም ያለበት አንድ ሳንቲም ወጣ፣ በዛ ዘመን ብሩ ከመቶ 5 እጅ እንኳን የማይሞላ፣ ንጉሡ የጨረር አክሊል የደፋበት ዓይነት። እንደዚ የሚባል ንጉሥ በሳንቲም የሚያውቅ አልነበረም፣ ብዙዎች ሐሰት ነው ብለው ገሸሽ አደረጉት፣ ለመቶ ዓመት ገደማ በዛው ተረሳ። በ2003 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሻየር ቻልግሮቭ በሚባል ቦታ 5,000 የሚጠጋ ሳንቲም ተጣብቆ የያዘ ማሰሮ ተገኘ፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አንድ በአንድ ሲላቀቅ ሁለተኛው ዶሚቲያነስ ወጣ፣ ያውም ከፈረንሳዩ ጋር ከአንድ ማተሚያ የወጣ! በ271 አካባቢ በጎል ምድር፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ለጥቂት ቀን ንጉሥ ነኝ ያለ ሰው በርግጥ እንደነበረ የተረጋገጠው በዚ ነው። አያችሁ፣ የመጀመሪያው ብቻውን ሆኖ ማንም አላመነውም፣ የታመነው ሁለተኛው ሳንቲም ማሰሮ ውስጥ ከነጓደኞቹ ሳይበተን ስለተገኘ ነው። ማሰሮው መጀመሪያ ተሸጦ ቢበተን ኖሮ ሁለተኛውም "አጠራጣሪ" ተብሎ ይቀር ነበር።

የካራውሲየስም እንደዛው ነው። ከ286 እስከ 293 ብሪታንያን ከሮም ገንጥሎ የገዛ ሰው ነው፣ ሌላው ግዛት መዳብ እያነጣ ሲያወጣ እሱ ጥሩ ብር ያስመታ ነበር። ሳንቲሞቹ ስር አር፣ ኤስ፣ አር የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ፣ ሰው ሁሉ የሆነ የገንዘብ ቢሮ ስም ነው ሲል ኖረ። በኋላ ጋይ ደ ላ ቤዶዬር የሚባል ጸሐፊ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ሜዳልያ ላይ ካለ ሌላ የፊደል ምህጻር ጋር አገናኝቶ ሲያነበው የሮማዊው ገጣሚ የቨርጂል ግጥም ተከታታይ ስንኞች ሆነው ተገኙ፣ ሳተርን የሚሉት አምላካቸው ወርቃማ ዘመን ተመለሰ የሚል። አመፀኛ ንጉሥ ከ300 ዓመት በፊት የተጻፈ ግጥም በሳንቲም እየላከ ነው ማለት ነው! ይሄ ሁሉ ከሦስት ፊደል። በ2010 ደሞ በእንግሊዝ ፍሮም አካባቢ 52,503 ሳንቲም የያዘ ትልቅ ማሰሮ ተገኘ፣ አምስት የካራውሲየስ የብር ዲናር ነበረበት። ያገኘው ሰው የብረት መፈለጊያ መሳሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ነው፣ ማሰሮ መሆኑን ሲያይ መቆፈሩን አቁሞ አርኪዮሎጂስት ጠራ። እነሱም በንብርብር በንብርብር እየለዩ አወጡት፣ ታዲያ ከሁሉ አዲሶቹ የካራውሲየስ ሳንቲሞች በብዛት የተገኙት ከላይ ሳይሆን ወደ ታች ገባ ብሎ ነው። ስለዚ ማሰሮው እንደ ቁጠባ ሳጥን ቀስ በቀስ የሞላ ሳይሆን ባንድ ጊዜ የተቀበረ ነው ማለት ነው። ያ ሰው ዘርግፎት ቢሆን ይሄን ማንም አያውቅም ነበር፣ እኔ ያንን ሰው በጣም ነው የማከብረው።

በተቃራኒው በ1929 ቡልጋርያ ሬካ ዴቭንያ ላይ የወጣውን እዩ፣ የተመዘገበው ብቻ ከ80,000 በላይ ዲናር ነው፣ የተወሰነው ሳይመዘገብ ተበትኗል። የተመዘገበው ዛሬም የትኛው ዓይነት ብዙ ነው የትኛው ጥቂት ነው የሚለውን ለማወቅ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። የተበተነው ውስጥ ምን እንደነበረ ግን ማን ይነግረናል?

ሌላው ጽሑፋችሁ ያላነሳው ነገር ሕጉ ነው። በእንግሊዝ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለትና ከዛ በላይ የወርቅ ወይ የብር ሳንቲሞች አብረው ከተገኙ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ነጠላ ሳንቲምም ቢሆን በፈቃደኝነት የሚመዘገብበት አሠራር አላቸው፣ ከሚሊዮን በላይ ዕቃ ተመዝግቦበታል ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ሌሎች አገሮች ከአፈር የወጣ ሁሉ የመንግሥት ነው ይላሉ። ይሄን ረስቶ ስለ ዋጋ ብቻ ማውራት የት እንደሚያደርስ የብሩቱስ የወርቅ ሳንቲም አሳይቷል፣ ያ ብሩቱስና ጓደኞቹ ዩልየስ ቄሳርን የገደሉበትን የመጋቢት አጋማሽ የሚዘክረው፣ ሁለት ጩቤ እና መሀላቸው የነፃነት ቆብ ያለበት። የብሩ ወደ መቶ ገደማ ይታወቃል፣ የወርቁ ግን ጥቂት ብቻ ነው፣ አንዱ በ2020 በሚሊዮን በሚቆጠር ፓውንድ ተሸጠ፣ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ አጨበጨበለት። ከዛ የመጣበት ታሪክ የሐሰት መሆኑ ተደረሰበትና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ከየት እንደተቆፈረ ግን አሁንም ቦታው ጠፍቷል፣ ሳንቲሙ ቢመለስም እሱ አይመለስም።

እና የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጽሑፉን የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ቋንቋው ያምራል፣ እኔ ልተቸው ብዬ አይደለም። ግን ተከታይ ጽሑፍ ቢያወጣ የሳንቲሙን ባለቤት ወይ ያጠናውን ሰው አግኝቶ ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ የፊትና የጀርባ ፎቶውን፣ የፊቱን ጽሑፍ ፊደል በፊደል የት ጋ እንደሚቆረጥ ጭምር ቢያወጣልን። ከየት እንደተገኘ ቢጠይቅልን፣ ለሚመለከተው አካል ተነግሮ እንደሆነም እንደዛው። የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር የንጉሠ ነገሥቶቹንም የሪፐብሊኩንም ዓይነቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ለቆታል፣ ሙዚየሞች ያላቸውን ፎቶ አንድ ላይ አድርጎ፣ እዛ ገብቶ ተመሳሳይ ጀርባ ካለ ማየት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የባለቤቱን ስም አትጻፉ፣ አያስፈልገንም፣ ቦታውን ደሞ ለአጥኚዎች እንጂ ለሕዝብ በዝርዝር አትንገሩ፣ በማግስቱ ሌሊት የሚቆፍር አይጠፋም።

ያቺን ያወጣችኋትን ትንሽ ፎቶ እስኪደክመኝ አጉልቼ አይቻታለሁ። ከንጉሡ አገጭ በታች ያለው ፊደል ወይ ፒ ነው ወይ አር ነው፣ ጥራቱ ስለማይፈቅድ መለየት አልቻልኩም። ፒ ከሆነ እኔ ጋ ካሉት ፎቶዎች አንዱ ከሱ ብረት የወጣ ይመስለኛል። ትልቁን ፎቶ ብትልኩልኝ የኔን ጎን ለጎን አድርጌ እመልስላችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ